«ሙቀቱ!» ብሎ የሚመለስ እንግዳ

ከሰመራ የተመለሰ የአዲስ አበባ ልጅ ምን እንደሚያወራላችሁ አስቀድመን እንንገራችሁ? ሙቀቱ። ከዚያ ኤርታሌ። ከዚያ ወገቡ ላይ ጊሌ የታጠቀ ጎልማሳ ፎቶ፤ ስሙን ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ እንደገና ሙቀቱ። አለቀ! ፓስፖርት ሳንጠየቅ ሌላ አገር ጎብኝተን እንመለስና «አገራችንን አወቅን» እንላለን።

ለነገሩ ልማዱ ቆይቷል። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ፣ ወንዙ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ቁልቁል ተጉዞ በ1934 አቤ ሐይቅ ደረሰ። ሰውዬው በ1910 የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው (የሰፈራችን ልጅ ማለት ይቻላል!)። ስለ አፋር ሲጽፍ ግን ማን ማንን ገደለ የሚለው ወሬ ብዙ ቦታ ይይዝበታል። ከ90 ዓመት በኋላ እኛስ ምን ጨመርን? እሱ ቢያንስ ወራት ፈጅቶ ተጉዟል። እኛ ሰመራ የምናድረው በማግስቱ ወደ ኤርታሌ ለመነሳት ነው።

«ሰመራ ምን የሚታይ አላት?» ይሉናል። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ሲዛወር ሜዳ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ እኩዮቻችን የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ አላት። ወደ ጂቡቲ የሚወጣና የሚወርደው የጭነት መኪና በደጃፏ ያልፋል። የሚታይ የለም ያልነው ሰው ስላላየን ነው።

አዋሽ ሰባትም ያው ናት፤ ጣቢያው፣ የጥንቱ ቡፌ፣ ከዚያ ፓርኩ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን አጥተዋል። እኛ ሳላ ፎቶ እያነሳን «ከብት ፓርኩን አበላሸው» ብለን እረኛውን እንከሳለን። ማን ነው ማን ቤት የገባው?

ጋዜጠኝነት ስንማር «ዳጉ» የሚባል ነገር ክፍል ውስጥ ሰምተናል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ዝናብ የት ጣለ፣ ሳር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ምን እንግዳ ሰው ታየ። በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል። የዋሸ ይቀጣል (የኛ ሚዲያ በዚህ ሕግ ቢዳኝ ስንቱ ይተርፍ ነበር?)። መንገደኛ እንግዲህ ዕዳ አለበት፤ ወሬ ይሰጣል፣ ወሬ ይቀበላል። እኛ ሁለቱንም ሳናደርግ ነው የምንመለሰው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ሲናጥ ምን አደረግን? ኮንዶሚኒየማችን ሲወዛወዝ ፌስቡክ ላይ ወጣን። አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ መሬት ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። የእኛ ጥያቄ «እዚህ ይደርሳል ወይ?» ነበር።

ከእነሱ ወደ እኛ መንቀጥቀጥ ሲመጣ እንዲህ እንጮሃለን። ከእኛ ወደ እነሱ የሚሄደውንስ? አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ሲወርድ የአዲስ አበባ ወንዞች በአቃቂ በኩል ተጠራቅመው ይቀላቀሉታል። ቀበናን ታውቁታላችሁ፤ ድልድዩን ስትሻገሩ አፍንጫችሁን ትይዛላችሁ። ከፋብሪካ የተለቀቀው፣ ከመጸዳጃ ቤት የወጣው፣ እኛ ራሳችን በፌስታል ቋጥረን የወረወርነው ሁሉ መንገዱ በዚያ ነው። ወንዙ ባሕር እንኳ የለውም፤ የያዘውን ይዞ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። ግመሉም ፍየሉም ሰዉም ከዚያ ወንዝ ይጠጣል። አስጎብኚ ድርጅት ከመቅጠራችን ከብዙ ዓመት በፊት ቆሻሻችን አፋርን ጎብኝቷል!

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይና መጀመሪያ ዳጉ እንቀመጥ። ከላይ አገር እንደመጣን ሲያውቁ ስለ ዝናቡ ይጠይቁናል፣ ቀጥሎ ስለ ውሃው። ያን ጊዜ ቀበና ውስጥ ምን እንደምንደፋ፣ ያየነውን አይተናል፣ የሰማነውን ሰምተናል ብለን እንናገር።