ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል፣ ንብረት ከሆነ ይጻፍ

በዚህ ወር ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ መሬት ነው። ወደ አገራችን ከመድረሴ በፊት ግን በታይላንድ በኩል ዞሬ ነው የምመጣው። የምሠራበት ቤት ባልየው አውሮፓዊ ነው፣ ማዳም ደግሞ ታይ ናት። ኢሳን ከሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ፣ ከኡዶን ታኒ ገጠር የወጣች የሩዝ ገበሬ ልጅ ናት። እዚያ መሬት ገዝተው ለእናቷ ቤት ሠርተዋል። የባልየው ጓደኞች በመጡ ቁጥር ወሬያቸው አንድ ነው፤ "አሞኙህ፣ ገንዘብህን ለሚስትህ ዘመዶች በተንከው" ይሉታል። እኔ ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ። በነገሩ ግን የራሴ ሐሳብ አለኝ፤ ለኛም የሚጠቅም ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሕጉን ልንገራችሁ። በታይላንድ ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር የውጭ አገር ሰው መሬት በስሙ መያዝ አይችልም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የወጣው የመሬት ሕጋቸው ይከለክላል። ኮንዶሚኒየም መግዛት ይችላል፤ እሱም ቢሆን በአንድ ሕንፃ ከ49 በመቶ በላይ በውጭ ሰዎች እጅ መሆን የለበትም። ታይ ያገባ ሰው ከሆነ ሚስቱ በስሟ ትገዛለች። ድሮ እሷም የውጭ ሰው አግብታ ከሆነ መግዛት አትችልም ነበር። ከ1999 ወዲህ ተፈቅዶላታል፤ ግን ባልና ሚስት መሬት ቢሮ ቀርበው "ገንዘቡ የሚስት የግሏ ነው፣ ባል ምንም ጥያቄ የለውም" ብለው መፈረም አለባቸው። አያችሁ? ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚታየው ወረቀቱ ነው። ቢፋቱ መሬቱ የሷ ነው።

እንግዲህ ፈርሞ የሰጠ ሰው "ተሞኘ" ሲባል አይገባኝም። መንግሥት ፊት ለፊት "ይሄ ያንተ አይደለም" ብሎታል። ደግሞም ራሱን መጠበቅ ለሚፈልግ መንገድ አለ። መሬቱን ከሚስቱ እስከ 30 ዓመት መከራየት ይችላል። ወይም እስከ ዕለተ ሞቱ የመኖርና የመጠቀም መብት ማስመዝገብ ይችላል። መሬቱ የሷ ሆኖ ቤቱን ለብቻው በስሙ ማድረግም አለ። ብቻ ሁሉም መሬት ቢሮ ሄዶ መመዝገብ አለበት። የ30 ዓመት ኪራይ ቤት ውስጥ ተጻጽፈው ካስቀመጡት የሚጸናው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ጡረታቸውን አፍስሰው ባዶ እጃቸውን የቀሩ አሉ፣ ያሳዝናሉ። ግን ብዙዎቹ ይህን ሁሉ ያለፉት "በሚስቴና በኔ መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል" ብለው ነው።

አሁን ደግሞ የሚስትየውን ነገር እንይ። እንግዶቹ "ገንዘብ ፈልጋ ነው ያገባችው" ሲሉ እኔ አንጀቴ ይቃጠላል። በኢሳን ልማድ ወላጅን የምትጦረው ሴት ልጅ ናት። ባል ነው ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት የሚገባው፤ ብዙ ጊዜ ትንሿ ልጅ ከወላጆቿ ጋር ቀርታ ታስታምማለች፣ ቤቱም ለሷ ይቀራል። ከአገር የወጣችው ደግሞ ገንዘብ ትልካለች። ለእናቷ ቤት ባትሠራ መንደሩ ምን ይላታል? ይሄ ለኛ አዲስ ነው እንዴ? እኛስ እዚህ የምናጥበው፣ የምንተኩሰው ለማን ሆነና?

ስለዚህ ለወላጅ መስጠትን አልቃወምም። የምቃወመው ስጦታና ንብረት ሲደባለቁ ነው። መሬቱ በእናት ስም ከሆነ፣ እናት ኑዛዜ ሳትተው ስታርፍ ልጆች ሁሉ እኩል ይካፈላሉ። ያን ጊዜ ባልየው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን ያመጣችው ልጅም የምታገኘው እንደ ወንድሞቿ ድርሻዋን ብቻ ነው። የወረቀቱ ዓይነትም አለ። ቻኖት የሚባለው ሙሉ የባለቤትነት ወረቀት ነው። ሶ ፖ ኮ የሚሉት ግን መንግሥት ለድሃ ገበሬ ለእርሻ የሰጠው ነው፤ ለልጅ ይወረሳል እንጂ አይሸጥም። እሱንም በርካሽ የሚሸጥ አለ፣ የሚገዛም አለ። ገዢው ብሩን ሰጥቶ የያዘው ነገር የለም።

እህቶቼ፣ ይሄን ስሰማ የኛው ታሪክ ነው የመሰለኝ። እኛ ሁለቱንም ነን፤ ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚከፍለው ባል እኛ ነን፣ ለእናቷ ቤት የምትሠራውም ልጅ እኛው ነን። በኛ አገር በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው በላዩ የሠራሽው ቤት ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሆኖም ከከተማ ዳር የገበሬ መሬት በሦስት ምስክር ወረቀት የሚገዛልሽ ደላላ ሞልቷል። ነገ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ "የጨረቃ ቤት" ተብሎ ይናዳል። ያ ወረቀት ከሶ ፖ ኮው በምን ይሻላል?

ሕጋዊ ቤት ሲሆንም ጣጣው ስሙ ላይ ነው። ብሩ በሐዋላ ለወንድም ይላካል፣ ቦታው በወንድም ስም ይያዛል፣ ወንድም ያገባል፣ ይወልዳል። አሥር ዓመት ቆይታ ስትመለስ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ናት። ወንድምን ሌባ ማለቴ አይደለም። እሱም ብሎኬት ሲቆጥር፣ ከቀበሌ ቀበሌ ሲመላለስ ጊዜውን ጨርሷል፤ ሚስቱም የባሏን ቤት ነው የምታውቀው። ማንም የነገራት የለም። ጥፋቱ መጀመሪያ ላይ ቁርጡ አለመነገሩ ነው። ልፋቱን በገንዘብ ክፈይው፤ ወይም "ከፊሉ ያንተ ነው" ብለሽ ጻፊለት። አንዱንም ሳታደርጊ "ወንድሜ ነው" ብሎ ዝም ማለት ለሱም ፈተና ነው።

"ቤተሰብን ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው" የምትሉ አላችሁ። አባቶቻችን "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ያሉት ለባዕድ ብቻ አይደለም። ለእናትሽ የምትሰጪ ከሆነ "እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው" ብለሽ መርቂበትና እርሺው፤ በኋላ አትቁጠሪው። ለራስሽ መመለሻ ያሰብሽው ከሆነ ግን በስምሽ ይሁን። ውክልና ስትሰጪ "በስሜ እንዲገዛ፣ እንዲያስመዘግብ" ይባል፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ አይጨመርበት። የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ፣ በስልክ ያወራችሁትንም በመልእክት ድገሚው።

ችግሩን አውቃለሁ። ውክልና ለመስጠት ቆንስላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ፓስፖርታችን ማዳም እጅ ነው፣ ዕረፍት የሌላት ብዙ ናት። ለዚህ ነው ማኅበራችን ሊያስብበት የሚገባው። ዕረፍት ያላት ከሌላት ጋር ትነጋገር፣ ኮንትራቷን የምታድስ ልጅ ከመፈረሟ በፊት የቆንስላውን ቀን ከማዳም ጋር ትጨርስ። በሚቀጥለው ስብሰባ ውክልና ያሠራችሁ እህቶች ወረቀቱን ይዛችሁ ኑና ምን እንደተጻፈበት አብረን እናንብበው። ማንበብ ለሚከብዳት እኔ አነባለሁ።