ውርርዱ ይቅር፣ ባዝራዋ ትትረፍ!

በዚህ አምድ እስከዛሬ የፍቅሩን፣ የትዳሩንና የአማቱን ጣጣ ስናወራ ከርመናል። የዛሬው ወጣ ያለ ነው። «ፈረስና እኛን ምን አገናኘን? እኛን የሚያስጨንቀን የታክሲ ሰልፍ ነው» የምትሉ የከተማ ልጆች አትጠፉም። ግድየላችሁም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ደብዳቤው የመጣው ከኮንጋ ነው። ኮንጋ በጌዴኦ ዞን ከይርጋጨፌ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ያለ የቡና አገር ነው። ጸሐፊዋ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ስሜ እንዳይወጣ ብላለችና አናወጣውም። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«አያቴ ሲሞቱ አንዲት ዳማ ባዝራ ተዉልኝ። አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ዲላ ስማር የአሜሪካ ሴቶች ሦስት በርሜል እየዞሩ ፈረስ ሲጋልቡ በስልክ አየሁና ልቤ ሸፈተ። ቤት ስመለስ ባዶ በርሜል አቁሜ ማለማመድ ጀመርኩ። ወንድሜ ግን ጠዋት ጠዋት ቀይ ቡና ይጭንባትና ወደ ማጠቢያው ይወስዳታል። እኔ የማገኛት ሲመሽ ነው። ለዳራሮ ሰሞን ከአጎቴ ልጆች ጋር ተወራርደናል። ካሸነፍኩ ባዝራዋ የኔ ብቻ ትሆናለች፤ ከተሸነፍኩ ወንድሜ ለባለጋሪ ሊሸጣት ነው። የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። ችግሩ ልጓም ሳሳያት ጭንቅላቷን ትሰቅላለች። በርሜሉ ጋ ስትደርስ አንገቷን ትወረውራለች፣ ወደ ግራ መዞር እምቢ ትላለች። ጫንቃዋ ላይም ትንሽ ቁስል አለ። ሰዎች ‹ግትር ናት፣ አለንጋ ነው የሚያስፈልጋት› ይሉኛል። እንዴት ላሸንፍ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ እንዴት እንደምታሸንፊ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምነግርሽ ሌላ ነው፦ የዘንድሮው ውርርድ ይቅር! ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ጨዋታው እንዲህ ነው። ሦስት ባዶ በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ። በአሜሪካኖቹ ደንብ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 27 ሜትር ያህል፣ ከሁለቱ እስከ ሦስተኛው ደግሞ 32 ሜትር ያህል አለ። ጋላቢዋ አንዱን በቀኝ ሁለቱን በግራ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ትዞርና በመጣችበት በሽምጥ ትመለሳለች። በርሜል ከጣለች 5 ሰከንድ ይጨመርባታል። የሠለጠኑት በዚህ ርቀት ሁሉንም በ17 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሱታል። የቴክሳስ ሴቶች የራሳቸውን የፈረስ ውድድር ማህበር ያቋቋሙት በ1948 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በርሜል ዙሪያ መጋለብ በዋናነት የሴቶች ውድድር ነው። ስለዚህ «ፈረስ የወንድ ነው» ለሚሉሽ መልስ አለሽ።

እኛስ ብንሆን ለፈረስ እንግዳ ነን እንዴ? ዳግማዊ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻ ሳፎን አባ ነፍሶ ያሰኛቸው የፈረሳቸው ስም ነው። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚያከብሩት የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበራቸውን የመሠረቱት በ1932 ዓ.ም. ነው። ጉግስ ያየ ሰው ደግሞ የበርሜሉ ነገር አይገርመውም። ዘንግ ሲወረወርበት ፈረሱን ድንገት ማጠፍ የማይችል ፈረሰኛ ምን ይሆናል? ይመታል!

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በበርሜል የሚያሸንፈው ሩጫው ሳይሆን መታጠፊያው ነው። ፈረስ ሲታጠፍ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ያመጣል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ አንገቱን ለዛቡ ይለቃል። ጫንቃው የቆሰለ፣ አፉ የታመመ ፈረስ ይህን እንዴት ያድርግ? ባዝራሽ አንገቷን የምትወረውረው፣ ወደ ግራ እምቢ የምትለው ግትር ሆና አይመስለኝም። «አመመኝ» እያለችሽ ነው። አፍ ስለሌላት በአንገቷ ትናገራለች። በአለንጋ የሚመልሱላት ሰዎች ቋንቋዋን አልሰሙም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከቁስሉ እንጀምር። ቁስሉ ድኖ ፀጉር እስኪያበቅል ጭነትም ኮርቻም አይነካት። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጨው ጨምረሽ በንጹሕ ጨርቅ እጠቢው። የባትሪ ውሃ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የጋለ ብረት የሚሉሽን አትስሚ። ሲድን ኮርቻው ጫንቃዋን እንዳይጫን ከሥሩ ወፍራምና ንጹሕ ድብዳብ ይግባ። አንገቷ ወይም እግሯ ላይ ተከታትለው የሚያብጡና የሚፈነዱ እባጮች ካየሽ ንድፊት ሊሆን ይችላልና ከሌሎች ፈረሶች ለይተሽ ቶሎ ወደ ወረዳው የእንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ዕቃዋንም ለሌላ ፈረስ አታውሺ።

ቀጥሎ አፏን እዪ። የከንፈሯ ጥግና ምላሷ ቆስሏል? ልጓሙ ዝጓል? ጠርዙ ይቆርጣል? ጥርሷ ሾሎ ጉንጯን ሊወጋም ይችላልና ሐኪሙ ይመልከትላት። እስክትድን ድረስ አፍ ውስጥ ብረት በማይገባ ለስላሳ የራስ ገመድ ምሪያት።

ሦስተኛው የክብደት ነገር ነው። ፈረስ በጀርባው ሲሸከም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ድርሻው 50 ኪሎ ነው። አንቺ ከነኮርቻሽ ስንት ነሽ? የወንድምሽ ጆንያስ? ያውም የፈረስ የጀርባ አጥንት አድጎ የሚጠናቀቀው አምስት ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነው። አራት ያልሞላት ባዝራ ጠዋት ቡና ተሸክማ፣ ማታ በርሜል ዙሪያ በሽምጥ ከተጋለበች ነገ የምትሆነው ለጋሪም የማትሆን ነው።

አራተኛው ኮቴና ምግብ ነው። የእናንተ አገር ዝናብና ጭቃ አይለየውም። ጭቃ ውስጥ ያደረ ኮቴ ይበሰብሳል። በየቀኑ አራቱንም አንሥተሽ ጥረጊ፤ መጥፎ ሽታ ካለው ማደሪያዋን አድርቂ። በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ የሚያውቅ ሰው ይከርክምላት። ሣር ዋናው ምግቧ ነው። ገብስ ብትጨምሪ ጥቂት በጥቂት ይሁን፤ ፈረስ ማስመለስ አይችልምና ሆዱን የነፋው ነገር ሊገድለው ይችላል። የሻገተ ነገር አትስጫት። ከማጠቢያው የሚወጣው የቡና ገለፈትም ለፈረስ የሚሆን ምግብ አይደለም፣ ከክምሩ አርቂያት። ውሃ ግን ባሻት ጊዜ ታግኝ። ስለ ፈረስ በሽታ ክትባትም ሐኪሙን ጠይቂ። የሚያስተላልፉት ከዝናብ በኋላ የሚበዙ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ናቸው፣ ሲመሻሽና ሲነጋጋ ይበረታሉና በዚያ ሰዓት በረት ውስጥ ትሁን።

«ታዲያ ሥልጠናው የታለ?» ትይ ይሆናል። መጣሁልሽ! ቁስሉ ሲድን በርሜሎቹን አንሺና ቢጫ ጀሪካን አቁሚ፤ የበርሜል ጠርዝ የእሷንም የአንቺንም ጉልበት ይሰብራል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእርምጃ ብቻ ነው። ጀሪካኑ ጋ ሳትደርሺ አቁሚያት፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መልሻት፣ አንገቷን ደባብሻት፣ ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ትተሽ ዙሪ። ዐይንሽ ጀሪካኑ ላይ አይተከል፤ ልትሄጂበት ወዳሰብሽው ተመልከቺ፣ ያየሽበት ትሄዳለችና። በቀኝም በግራም እኩል ይሁን። በእርምጃ ሳትሳሳት ስትዞር ወደ ሶምሶማ እለፊ። ሽምጡ ከወራት በኋላ ነው፣ አጥንቷም ሲጠና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በቀን ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ሌላውን ቀን ዝም ብለሽ በመንገድ አንሸራሽሪያት። ጀሪካኑን ባየች ቁጥር መቅበጥበጥ ከጀመረች ሰልችቷታልና ለጥቂት ቀን ተዪው። ከልምምድ በፊትም በኋላም አሥር አሥር ደቂቃ በእርምጃ ትሂድ። ከመንጋጋዋ ሥር ያለውን የደም ሥር በጣትሽ ዳብሰሽ ቁጠሪ። ዕረፍት ላይ ስትሆን በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል። ልምምድ ካቆምሽ ከሩብ ሰዓት በኋላም ከ60 በላይ ከሆነ አብዝተሽባታል ማለት ነው። አንቺም ብትሆኚ ያለ ሄልሜት አትውጪ፤ የሞተር ሳይክሉም ቢሆን ከባዶ ጭንቅላት ይሻላል።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ወንድምሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የቡና ጊዜ የቤቱ የዓመት ጉርስ የሚገባበት ነው፣ ጆንያ ደግሞ በራሱ እግር አይሄድም። ስለዚህ በእልህ አትግጠሚው። በሚገባው ቋንቋ፣ በገንዘብ አናግሪው። ጫንቃዋ የቆሰለ ባዝራ ገበያ ብትወጣ ስንት ታወጣለች? ባለጋሪስ ቢሆን ቁስሉን አይቶ ዋጋ አይሰብርም? ድና ቀለል ያለ ጭነት ብትይዝ፣ አድጋ ውርንጭላ ብትጥል ግን ለቤቱ ሀብት ናት። የቀረውን የቡና ጊዜ የሚሸከም አህያ ወይም በቅሎ ለመከራየት አንቺም የአቅምሽን አዋጪ።

ይህን ብቻሽን ከምትነግሪው ከሶንጎ ሽማግሌዎች አንዱ ወይም አያትሽን የሚያውቁ ትልቅ ሰው ባሉበት ቢሆን ይሻላል። ባዝራዋን አያትሽ ለማን እንደተዉ በምስክር ፊት ይነገር። እስካሁን ይህ ባለመነገሩ ነው የሟች ስጦታ የውርርድ ዕቃ የሆነው። የአጎትሽ ልጆችንም «ባዝራዬ ታማለች፣ ስትድንና አጥንቷ ሲጠና እንጋጠማለን» በያቸው። ፈራች ብለው ይስቁብሽ ይሆናል። ይሳቁ! ሳቅ ጫንቃ አያቆስልም።

ወንድምሽ በጄ ባይልና ልሽጥ ቢልስ? ያኔም ቢሆን ታማ ከምትሸጥ ድና ትሸጥ በይው፤ ጊዜ ታገኛለሽ፣ እሷም ትድናለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ አስገድደሽ ብታስሮጫትና ብታሸንፊ ግን «የኔ ብቻ» የምትያት ባዝራ አንካሳ ልትሆን ትችላለች። ይህን ድል ብለሽ ለማን ታወሪዋለሽ?

እናንተ ታክሲ የምትጠብቁት ልጆችስ ምን ትላላችሁ? ለዚች የኮንጋ እህታችን የምትመክሩት ካለ፣ በተለይ ቤተሰቡ ፈረስ የነበረው ሰው፣ ይጻፍልን። እህቴ፣ አንቺም ቁስሉ ሲድን አንድ መስመር ላኪልን።

ለሳምንት ሰው ይበለን!