«እረኛ ምን አለ?»

በቀድሞ ዘመን ነገሥታቱ የሕዝቡን ልብ ማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ንጉሡ ከእረኛው ግጥም ይማራል እንጂ እረኛውን አያስርም ይባል ነበር። ዛሬ በጉዛራ ግንብ አጠገብ ባለችው እንፍራንዝም ሰው የሆዱን የሚናገረው በፌስቡክና በቴሌግራም ሆኗል። አድማጩም አልጠፋም፤ የሚያደምጥበት ምክንያት ግን ተለውጧል።

በቅርቡ ከእንፍራንዝ አንድ ወጣት መምህር ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የማላውቀው ሰው በስልክ ከፌዴራል ነኝ፣ ስለጻፍከው ነገር ስለምንፈልግህ ጎንደር ድረስ ና አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለኝ። የጻፈውን ሁሉ ግን ገና እኔን ሳይጠይቅ ሰርዞት ነበር።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 25 መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪን የሚጠራው በጽሑፍ መጥሪያ መሆኑን ይደነግጋል። በቁጥር 27 ደግሞ ተጠርጣሪው መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ የሚሰጠውም ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይጠብቃል። እንግዲህ በወረቀት ላይ ያልጎደለን ነገር ብዙ ነው።

በተግባር የሆነውን ደግሞ እናስታውስ። ሚያዝያ 17 እና 18 ቀን 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው ከሁለት ወር ተኩል በላይ በምርመራ ቆዩ። በቀረበባቸው የሽብር ክስ ውስጥ የኢንተርኔት መልእክትን በምስጢር ስለመጠበቅ መሠልጠናቸው ሳይቀር ተጠቀሰ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሱ ተነሥቶላቸው ተፈቱ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የቀሩትንም ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው፤ አንዱ ብቻ በቀለለ አንቀጽ እንዲከላከል ተባለ። የባከነውን ጊዜ የመለሰላቸው ግን የለም።

ያ የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል። የ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ግን አለ። አዋጁ ግንኙነትን ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል ካለ በኋላ፣ በአንቀጽ 25 አስቸኳይ ሲሆን ያለ ፈቃድ መጥለፍ እንዲቻል ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥልጣን ይሰጣል። ምክንያቱ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚቀርበው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው። ዳኛው የሚመጣው ጆሮ ጠቢው ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ማለት ነው።

ይህ ጸሐፊ መንግሥት የጥላቻ ቅስቀሳን አይመርምር አይልም። በዘር ቅስቀሳ ደም በፈሰሰበት አገር እንዲህ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ይሆናል። ነገር ግን በመርማሪውና በዜጋው መካከል ዳኛና ወረቀት መኖር አለበት። ወረቀቱን ደግሞ ዜጋው ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅለትም።

መጠየቅ ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝን ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ፍርሃቱ ግን አላበቃም። ሆኖም መብቱን የማያውቅ ሰው ስልኩንና የይለፍ ቃሉን የሚሰጠው ማንም ማዘዣ ሳያሳየው ነው። ማዘዣ ማየት፣ የጠያቂውን ስምና መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ ጠበቃ መጥራት፣ ሳያነቡ አለመፈረም በትሕትናም ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

መምህሩንም «የጽሑፍ መጥሪያ ይላክልኝ፣ እቀርባለሁ በላቸው» አልኩት። እንደ ምክሬ አደረገ። መጥሪያው እስከዛሬ አልመጣም። እሱም እስከዛሬ አንድ መስመር አልጻፈም።

የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ያለ ክስ፣ ያለ ዳኛ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ብቻ አንድ ዜጋ ዝም ብሏል። ነገ አንድ ሹም የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ፈልጎ «እረኛ ምን አለ?» ቢል ማን ይመልስለታል?