የላይኛው ማሳ ጎርፍ በየት ይውረድ?

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ የሚገኘው ገበሬ ክረምት ሲቃረብ የሚጨነቀው ዝናቡ ይመጣል አይመጣም ብሎ ብቻ አይደለም። ምን ሆኖ ይመጣል የሚለውም ከዚያ ያላነሰ ስጋት ሆኗል። ለሳምንት ተካፍሎ ሊዘንብ የሚገባው ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሆኖ ሲወርድ፣ በሐምሌ የተዘራ ጤፍ ሥር ሳይሰድ ከነአፈሩ ተጠርጎ ወደ ወንዝ ይገባል። በመስከረም ዘለላ የያዘው አዝመራ በበረዶ ተመትቶ ሊተኛ ይችላል። በዚህ ጊዜ በየማኅበሩ የሚሰማው «የሰማይ ቁጣ ነው» የሚል ቃል ሲሆን፣ አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ከመሬት ላይ ያለ ጉዳይ ነው፤ እርሱም በገበሬ ማኅበር መሪዎች እጅ ውስጥ ይገኛል። (ስሙ ቀበሌ ቢባልም ገበሬው ዛሬም የገበሬ ማኅበር ብሎ ነው የሚጠራው።)

የሰማዩ ግማሽ እንዲህ ነው። ከፋብሪካ፣ ከመኪናና ከደን ቃጠሎ በሚወጣው ጋዝ ምክንያት የዓለም አየር እየሞቀ ሄዷል። እ.ኤ.አ. 2024 ሙቀት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ሆኖ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት አማካዩ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መጨመሩ በጥናት ተገልጿል። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል፤ የተሸከመውን ሲለቅም አብዝቶ ይለቃል። ይኸው የሞቀ አየር መሬትንም ቶሎ ያደርቃል። ስለሆነም ድርቅና ጎርፍ በአንድ አገር ተከታትለው ቢመጡ አያስገርምም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ በአንድ ሌሊት የደረሰው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ በማዛባቱ፣ በተከታዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኗል። ጭሱን ያወጣው የጎጃም ገበሬ አይደለም፤ ጉዳቱ ግን ማሳው ድረስ መጥቶበታል።

የመሬቱን ግማሽ ለማየት ከጤፍ እርሻ መነሳት ይበቃል። ጤፍ የላመ መሬት ስለሚፈልግ ገበሬው አራትና አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያርሳል፤ ከዚያም ሐምሌ ላይ ይዘራል። እንግዲህ ከዓመቱ የበረታው ዝናብ የሚያገኘው እንደ ዱቄት የደቀቀና ምንም ሽፋን የሌለው አፈር ነው። ሃንስ ሁርኒ የተባሉት ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። ይህም ከማሳው ላይ በየዓመቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አፈር ተገፍፎ ይሄዳል ማለት ነው። በ50 ዓመት ሲሰላ አንድ ስንዝር ያህል ይሆናል፤ የሞፈርና ቀንበር ማረሻ ከሚደርስበት ጥልቀት አያንስም። ከዚህም ውስጥ ብዙው የሚሄደው ክረምቱን ሙሉ በሚጥለው ዝናብ ሳይሆን በጥቂት ከባድ ዶፎች ነው። ዶፉ ሲበዛ አፈሩ የሚሄድበት ፍጥነትም በዚያው ልክ ይጨምራል።

የጎጃም ገበሬ ይህን ከጥንት ያውቀዋል። ለዚህም ነው ዘርቶ ሲጨርስ በማሳው ላይ አግድሞሽ ፈሰስ የሚያወጣው። ፈሰስ ትርፍ ውሃን ከማሳ ያስወጣል፤ ቡቃያውንም ከመታጠብ ያድናል። ጥያቄው ፈሰሱ ከማሳው ድንበር ካለፈ በኋላ ውሃው የት ይገባል የሚል ነው። የላይኛው ገበሬ ፈሰሱን ወደ ታችኛው ይለቃል፣ የታችኛው የእርሱንም ጨምሮ ከእርሱ በታች ላለው ያስተላልፋል፤ አራተኛው ማሳ ላይ ሲደርስ ውሃው ጎርፍ ሆኗል። በየማሳው ድንበር ላይ በመጀመሪያው ዓመት ጭረት፣ በሦስተኛው ቦይ፣ በአሥረኛው ደግሞ በሬ የማይሻገረው ቦረቦር ይሆናል። ከዚህም የተነሳ ጎረቤትና ጎረቤት፣ አንዳንዴም ወንድምና ወንድም ይካሰሳሉ። የላይኛው «ውሃው ከሰማይ የወረደ ነው፤ እኔ አላመጣሁትም» ይላል። የታችኛው «በእኔ ማሳ በኩል እንዲወርድ ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይህን ጉዳይ እንደ ተራ የድንበር ጠብ ቆጥሮ ለሽማግሌ መምራት በሽታውን ትቶ ትኩሳቱን እንደ ማብረድ ነው። ለላይኛውም ሆነ ለታችኛው መፍትሔው አንድ ነው፤ እርሱም የጋራ የጎርፍ መውረጃ ነው።

ከደምበጫ በስተሰሜን የሚገኘው አንጀኒ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በ1976 ዓ.ም. በዚያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ 113 ሄክታር ስፋት ያለው አንድ ትንሽ ተፋሰስ በጥናት ሥር ውሏል። በ1978 ዓ.ም. በገበሬው ማሳ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው የእርከን ዓይነት ተሠራ። በዚህ አሠራር ከቦዩ የሚወጣው አፈር እንደተለመደው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ይጣላል። ከላይ የሚታጠበው አፈር በክትሩ ላይ እየተያዘ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳው ራሱ ወደ ደረጃ መሬት ይለወጣል። የአንጀኒ ተዳፋትም ቀስ በቀስ ሜዳነት እየያዘ መጥቷል። ቅሬታም አልጠፋም፤ እርከን የማሳ መሬት ይወስዳል፣ ከተቀራረበ በሬ ለማዞር ያስቸግራል፣ ዝናብ በበዛበት ቦታም ከክትሩ በላይ ውሃ እየተኛ ቡቃያ ያቢጫል። ይህ ቅሬታ የስንፍና ምልክት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ብዙ ዝናብ በሚያገኝ አገር እርከን ውሃ የሚያስቀር ሳይሆን እያዘገመ የሚያስወጣ መሆን አለበትና፣ የደብረ ኤልያስ ሁኔታም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር ይኖርበታል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በሚካሄደው የተፋሰስ ሥራ ሪፖርት የሚደረገው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ተብሎ ነው። ስንቱ እርከን መውጫ አለው ተብሎ ግን አይጠየቅም። መውጫ የሌለው እርከን ውሃውን አከማችቶ በሐምሌ አንድ ሌሊት ሲበረግድ፣ ጨርሶ እርከን ካልነበረበት ማሳ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ገበሬው ሁለተኛ አልሠራም ቢል የሚፈረድበት አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከላይ ወደ ታች መጀመር፣ ከሁሉ በፊትም የመውረጃው ቦታ መለየት ይገባዋል። ቦዩ በገመድና በውሃ ልክ ሲለካ በ10 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ቦረቦር ይሆናል።

መውረጃው ግን በአንድ ሰው መሬት ላይ ማለፉ አይቀርም፤ ክርክሩም የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። የአንድን አባወራ መሬት ያለ ምክክር ቀዶ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። የማኅበሩ መሪዎች ከላይ ያሉትንም ከታች ያሉትንም ባለማሳዎች በአንድ ቀን ቦታው ላይ ሰብስበው፣ ውሃው በተፈጥሮ የሚወርድበትን ረባዳ አብረው ቢረግጡ ይመረጣል። መሬቱን ለሰጠው ሰው በመውረጃው ላይ የሚተከለው የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር የብቻው ጥቅም ይሁንለት፤ የቁፋሮና የድንጋይ ሥራውን ደግሞ ፈሰሳቸውን ወደዚያ የሚለቁት ሁሉ ይሸከሙ። ስምምነቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ሣሩ እንዲጸና ከብት ሊገባበት አይገባም። በልቅ ግጦሽ የሚረገጥ እርከን ክረምት እንደማይሻገር ከመሪዎቹ የሚሰወር አይደለም።

በቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ሌላ ባሕርይ አለው። በእርሱ ላይ ያለው ችግር የውሃ መተኛት ስለሆነ 80 ሴንቲ ሜትር መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ እያፈራረቀ የሚያወጣው ቢቢኤም የተባለው በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ለስንዴ ይጠቅማል። ሆኖም ከመደቡ የሚወጣው ውሃም ያው መውረጃ ይፈልጋል።

በረዶን የሚያስቀር እርከን የለም። ሊደረግ የሚችለው ከተመታ በኋላ ባዶ እጅ አለመቅረት ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ተወዷል፤ ነገር ግን ቁመቱ ረዥም ስለሆነ ንፋስና በረዶ ሲመታው ይጋሸባል። ማሳን ሁሉ በአንድ ዝርያና በአንድ ሳምንት መዝራት ዕጣን በአንድ ዶፍ ላይ መጣል ነው። ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም ላይ ሰብሉ ቢመታ በጥቁር አፈር በቀረው እርጥበት ሽምብራ ሊዘራ ይችላል፤ ለዚህ ግን ዘሩ አስቀድሞ በማኅበሩ ወይም በኅብረት ሥራው ጎተራ መገኘት አለበት። ጓያም በተመሳሳይ ሁኔታ ይበቅላል። ይሁን እንጂ በችግር ዘመን ሌላ እህል ሳይቀላቀልበት ለወራት የሚበላ ጓያ እግር ያሽመደምዳልና ለመኖና ለተመጣጠነ ምግብ ካልሆነ አይመከርም።

ከሁሉ የከፋው መሬት ራሱ ሲንሸራተት ነው። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት በሩጫ የደረሱና በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ ነበሩ። የጎጃም ገበሬም ጩኸት ሲሰማ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። መልካም ባሕል ነው፤ ነገር ግን ከቆፋሪዎቹ በላይ ሆኖ ተራራውን የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ወደ ናዳ ሥር መግባት እንደማይገባ ከወዲሁ መነገር አለበት። በዓባይ ሸለቆ አፋፍና በጮቄ ተዳፋት ላይ ከዝናብ በኋላ በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ወይም ምንጭ በድንገት ሲደፈርስ፣ ከሥሩ ያሉት ቤተሰቦች ለጊዜው ወደ ዘመድ መዛወር ይኖርባቸዋል።

ሰደድ እሳት የበጋው ገጽታ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ተቃጥሏል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በሰሜን ተራሮች የተነሳውን እሳት ለማጥፋት ከእስራኤል ጭምር ባለሙያዎች መጥተዋል። በደብረ ኤልያስ ቆላማ ሸለቆ ግን ሄሊኮፕተር እስኪመጣ የሚጠብቅ ሣር የለም። እሳት የተለቀቀበት ገደል በሐምሌ እንደ ታረሰ ማሳ ራቁቱን ዶፍ ይቀበላል፤ የበጋው ቃጠሎና የክረምቱ ጎርፍ የሚገናኙት በዚህ ነው። ከየካቲት በፊት በግጦሽና በደን ወሰን ላይ ሣሩን አጭዶ ጥርጊያ ማውጣት የሁለት ቀን ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየወቅቱ መግቢያ ላይ የዝናብ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ለአንድ ማሳ የሚበቃ ባይሆንም ክረምቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ያመለክታል። ከየማኅበሩ አንድ ሰው ይህን ከሬዲዮ ወይም ከግብርና ባለሙያው ተከታትሎ በስብሰባና በዕድር እንዲናገር መመደብ ወጪ የለውም። የመውረጃዎቹ ምርመራ ግን ትንበያ ሳይጠበቅ፣ አዲሱ ጉልጓሎ ድንበሩን ከመሸፈኑ በፊት፣ በግንቦት ቢጠናቀቅ ይበጃል፤ ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚቆፈር ቦይ ጭቃውን ወደ ጎረቤት ከመላክ ያለፈ ፋይዳ የለውም።