የሚርገበገብ አምፖልና የተማሪ ዐይን



ከዚህ በታች ያለው አሳቤ በአንባቢያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየቤታችን የገባ ስለ ሆነ፥ ይልቁንም ቀን በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲያገላብጥ ውሎ ማታ ከልጆቹ ጋር ደብተር የሚከፍተውን የመንግሥት ሠራተኛ የሚመለከት ስለ ሆነ ዝም ማለት አልወደድሁም።

እኔ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት የቤቴን አምፖሎች በሙሉ ኤል.ኢ.ዲ. በሚባሉት ለወጥሁ። ኤሌክትሪክ ይቆጥባሉና መለወጤ ስሕተት አልነበረም፤ ስሕተቴ ከሁሉ ርካሹን መምረጤ ነው። በግቢዬ ካለችው አንዲት ክፍል ከዳባት ገጠር መጥቶ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይኖራል፤ ለእርሱም ከዚያው አምፖል አንዱን ሰጠሁት። ከጥቂት ቀን በኋላ «መምህር፥ ማታ ሳነብ መስመሩ ይሮጥብኛል፤ ራሴንም ያመኛል» አለኝ። እኔም የስንፍና ምክንያት መስሎኝ «ፊትህን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብና ቀጥል» ብዬ ገሠጽሁት። ልጁ ግን አምፖሉን አጥፍቶ ከአገሩ ባመጣት ትንሽ የፀሐይ መብራት ማጥናት ጀመረ። የለመደውን አይተውም ብዬ በልቤ ሳቅሁበት።

ኋላ ግን የፈተና ወረቀት ሳርም እኔንም ግንባሬን ይወጋኝ ጀመር። አንድ ሌሊት ቀዩን እስክሪብቶ በጣቶቼ መካከል ይዤ ሳወዛውዝ፥ አንዱ እስክሪብቶ ብዙ ሆኖ ተነጣጥሎ ታየኝ። ወደ ተማሪው ክፍል ሄጄ በፀሐይ መብራቱ ፊት ሳወዛውዘው ግን ሳይቆራረጥ እንደ ጭስ ተያይዞ ታየ። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የአምፖሉ፥ ከአምፖሉም ይልቅ የእኔ የገዢው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ወደ ቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለ ሆነ ኀይሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። በቀድሞው ባለ ክር አምፖል ክሩ እንደ ጋለ ስለሚቆይ ብርሃኑ ብዙ አይዋዥቅም ነበር። ኤል.ኢ.ዲ. ግን የሚሰጡትን ኤሌክትሪክ ወዲያውኑ ይከተላል። ስለዚህ ደኅናው አምፖል በውስጡ ኀይሉን አስተካክሎ የሚያቀርብ መሣሪያ አለው። በርካሹ ውስጥ ግን ኀይል አጠራቅሞ ክፍተቱን የሚሞላው ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ያንሳል ወይም ጨርሶ ይቀራል። ያን ጊዜ ብርሃኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የፀሐይ መብራቷ ከባትሪ የምታገኘው ኤሌክትሪክ የማይመላለስ ስለ ሆነ ከዚህ ነጻ ናት።

«በዐይን ካልታየ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዊልኪንስና ጓደኞቹ በእንግሊዝ አገር ባወጡት ጥናት፥ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው የፍሎረሰንት መብራት በማይርገበገብ ሲተካ የሠራተኞቹ የራስ ምታትና የዐይን ድካም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ስለ ኤል.ኢ.ዲ. መርገብገብ ልክ አውጥቷል፤ ዛሬ ኤስ.ቪ.ኤም. የተባለው መለኪያ ከ0.4 እንዳያልፍ ያዛል። ቁጥሩ 1 ሲደርስ በጨረሩ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ተቆራርጦ መታየቱን መካከለኛ ተመልካች ሊያስተውለው ይችላል።

ይህን ስል ኤል.ኢ.ዲ. አይረባም ማለቴ አይደለም። ሰማያዊውን ኤል.ኢ.ዲ. የፈለሰፉት ሦስት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉለት ታላቅ ሥራ ነው። ራስ ምታት ሁሉ ከአምፖል ይመጣል ማለቴም አይደለም፤ የተማሪውን ዐይን አስመርምረን ጤነኛ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው ነገሩን በአምፖሉ ያጸናሁት። ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ መብራቱ የሚደበዝዝ ከሆነም ጉዳዩ የመሥመሩ ኀይል ነው። መብራቱ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ ደግሞ የላላ ሽቦ ሊኖር፥ እሳትም ሊያስነሣ ይችላልና ባለሙያ ይጠራ።

ለገዢ የምመክረው ይህ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁ አምፖሉን አብርቶ ያሳያችሁ። ከዚያም እስክሪብቶ በፍጥነት አወዛውዙ፤ ተቆራርጦ ከታየ ተዉት። ስልክ ያላችሁ ቀስ አድርጎ በሚያሳየው ካሜራ ቅረጹት፤ ብርሃኑ ሲዋዥቅ በግልጽ ይታያል። «አይርገበገብም» የሚል ጽሕፈት በካርቶኑ ላይ ቢኖርም እንኳ ሳትፈትኑ አትመኑት። ብርሃን በሚቀንስ ማብሪያ ላይም ለዚያ ያልተሠራ አምፖል አትስቀሉ።

በጅምላ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ጨረታ ሲያወጡ ዋጋውንና ዋቱን ብቻ ሳይሆን የመርገብገቡን ልክ ጭምር በዝርዝራቸው ቢጽፉ መልካም ነው። ደረጃ የሚያወጣውም ክፍል ይህ ቁጥር በአማርኛ በካርቶኑ ላይ እንዲታተም ቢያደርግ ብዙ ቤት ያመሰግነዋል።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር መምህሮቻችን ብርሃን በግራ በኩል እንዲመጣልን አድርገው ያስቀምጡን ነበር። የብርሃኑን አቅጣጫ ከእነርሱ ተማርሁ፤ ጠባዩን ግን ያስተማረኝ የገሠጽሁት ልጅ ነው። ይቅርታ ጠይቄው አምፖሉን ለውጬለታለሁ። «ደከመኝ» የሚል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሁሉ ከመቆጣታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ አምፖሉን እንድትመለከቱ አሳስባለሁ። አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላልና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፥
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከጎንደር