የሳቃችሁባት አይጥ

አሜሪካ ያለች የቀድሞ ተማሪዬ፣ ልጇ የሚያሳድጋት አይጥ ታማባት "ቲቸር፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ሰሞኑን እዚሁ ገጽ ላይ ጠየቅሁላት። ሳቃችሁ። "ድመት ግዢላት" ያላችሁም አላችሁ። ከሳቁ የባሰው ግን "ግማሽ አሞክሳሲሊን በውሃ በጥብጠሽ ስጫት" የሚለው ምክር ነው።

አልዋሽም፣ መጀመሪያ እኔም ፈገግ ብያለሁ። እኛ አይጥን የምናውቃት እህላችንን ስትፈጅ ነው። ይቺኛዋ ግን ከሱቅ ተገዝታ የሽቦ ቤት ተዘግቶባታል። የዘጋባት ሰው ዕዳ አለበት።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ልናገር። አይጥ ማስመለስ አትችልም፤ ያልሆነ ነገር ከዋጠች መመለሻ የለውም። ክብደቷ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም፤ የሰው መድኃኒት በግምት ተከፍሎ አይሰጣትም። ተቅማጥ ከያዛት ሰውነቷ ቶሎ ይደርቃል። አፍንጫዋ ላይ የሚታየው ቀይ ነገር ብዙ ጊዜ ደም ሳይሆን ከዓይኗ ጀርባ ካለ ዕጢ የሚወጣ ፖርፊሪን ነው፤ ሲበዛ የሕመም ምልክት ይሆናል። ስትተነፍስ ሲር ሲር ካለች ማይኮፕላዝማ ሊሆን ይችላል። በሽንት የራሰ ጉዝጓዝ የሚያወጣው አሞኒያ ደግሞ ሳንባዋን ያብስባታል። ስለዚህ ጉዝጓዙን ቀይሩ፣ ውሃ አቅርቡ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። በቃ!

ዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ልጁ ግን እናቱ ለታመመ ነገር ያደረገችውን ዕድሜ ልኩን ያስታውሳል።

የኔ ተማሪ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፦ ክፍሌ ውስጥ ሰው ሲጠይቅ የሳቀ ውጭ ነበር የሚቆመው። እዚህም ያው ነው።