ሞተ የተባለ ሕዋስ ሁሉ ሞቷልን?

አንድ አዲስ መድኃኒት በላቦራቶሪ ውስጥ የነቀርሳ ሕዋሳትን ገደለ የሚል ወሬ ሲሰማ ሕመምተኛው ተስፋ ያደርጋል፤ ቤተሰቡም ጥሪቱን ሸጦ መድኃኒቱን ለማግኘት ይነሣል። ይሁን እንጂ ከማመን በፊት ሊቀድም የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የሕዋሳቱ ሞት በምን ተለካ?» የሚለው ነው። መለኪያውን ሳያውቁ ውጤቱን መቀበል፣ ሚዛኑን ሳያዩ እህል እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ዘዴዎች አንዱ ትራይፓን ብሉ በተባለ ሰማያዊ ቀለም የሚካሄደው ነው። ሽፋኑ ያልተጎዳ ሕዋስ ቀለሙን አያስገባም፤ ሽፋኑ የተበላሸው ግን ሰማያዊ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ገና ሳይበላሽ ወደ ሞት የሚያዘግመውን ሕዋስ ከሕያዋን ጋር ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ቲም ሞስማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ኤም ቲ ቲ የተባለው ዘዴ ነው። ቢጫው ኤም ቲ ቲ በሕያው ሕዋስ ውስጥ ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል፤ የቀለሙም መጠን በመሣሪያ ይለካል። 96 ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት አንድ ሳህን ላይ ብዙ ናሙናዎችን በአንድነት መፈተን ስለሚቻል ሥራውን እጅግ አቃልሎታል። ሆኖም በቀጥታ የሚለካው የሕዋሱን ሥራ እንጂ ሕይወቱን አይደለም። ሥራውን ለጊዜው የቀነሰ ሕዋስ እንደ ሞተ ሊገመት ይችላል። ከዕፀዋት የሚጨመቁ አንዳንድ ፈሳሾችም ያለ ሕዋስ ቀለሙን ሊለውጡት ይችላሉ።

ሦስተኛው፣ ቴዎዶር ፐክና ፊሊፕ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1956 የኤክስ ጨረርን ጉዳት የለኩበት ዘዴ ነው። ሕዋሳቱ ተነጣጥለው ይዘራሉ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ያህልም ይጠበቃሉ። ተራብቶ ቢያንስ 50 ሕዋሳት ያሉት ስብስብ የመሠረተው ብቻ እንደ ተረፈ ይቆጠራል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እንዲሉ፣ የነቀርሳ ሕዋስም ሞት የሚታመነው መራባቱ ሲያቆም ነው። በሽታውን መልሶ የሚያመጣው መራባት የቻለው ሕዋስ ነውና።

በሺህ የሚቆጠሩ ውሕዶችን ለመፈተሽ ፈጣኑ ዘዴ ይበቃል የሚሉ አሉ። ለመጀመሪያው ማጣሪያ አባባላቸው እውነት ነው፤ ማጣሪያ ግን ፍርድ አይደለም። የማይራቡ ሕዋሳትን በሦስተኛው ዘዴ መመዘን ስለማይቻልም፣ አንዱ መለኪያ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ ማድረግ ይገባል።

ከዚህም በላይ በረኪና እንኳ በሳህን ውስጥ ያለውን ሕዋስ ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አይባልም። መድኃኒት የሚያሰኘው በሽተኛውን ሕዋስ ሲያጠፋ ጤነኛውን መማሩ ነው። ስለዚህ ጤነኞቹ ሕዋሳት ጎን ለጎን ሳይፈተኑ፣ ከዚያም በእንስሳትና በሰዎች ላይ በጥንቃቄ ሳይሞከር፣ «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ማወጅ የሕመምተኛውን ተስፋ መነገጃ ማድረግ ነው።